ውሃ የማይጠጣው ጋራ
በደርግ ጊዜ ነው፤ ድሬዳዋ የግብርና ሠራተኛ ነበርኩ። ካድሬያችን "ሽፍታ ይደበቅበታል" ብሎ ሐርላ መንደር ያለውን ጋራ ቁጥቋጦውን አስቃጠለ። ዝናብ ሲጥል ጠብታው ዱቄት የመሰለውን አፈር እያፈናጠረ ቁልቁል አወረደና ከሥር ያለውን የሽማግሌውን ገበሬ የኦቦ አህመድን ማሽላ ቀበረው። ካድሬው ሽማግሌውን "እርከን ያልሠራኸው ሆን ብለህ ነው፣ አሻጥረኛ!" ብሎ ጮኸባቸው።

"ወላሂ፣ እኔ ክብሪት አልጫርኩም!" አሉት።

ደሜ ፈላ። የኮዳዬን ውሃ የተቃጠለው መሬት ላይ ደፋሁት። እንደ ዶቃ ተንከባለለ እንጂ አልሰረገም። "እየው! እሳቱ አፈሩን ቅባት የተቀባ አስመስሎታል። ውሃ ስለማይጠጣ ደረቅ ነው፤ ጠብታ ሲመታው ይበተናል። አሻጥረኛው አንተ ነህ!" አልኩት።

ሁለታችንንም አንድ ክፍል አሰረን። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ኦቦ አህመድ "ይኸው፣ የቀረውንም ወሰደው!" ብለው ግድግዳውን በጡጫ መቱ። እኔም አብሬያቸው መታሁ።