ጋሼ ሰይድ የሚነኩት ድራፍት

የከሚሴን ሙቀት ታውቁታላችሁ። አባቴ ሲሞት ድራፍት ቤቱን ወረስኩና ማቀዝቀዣ ማሽን አስገባሁላችሁ። አንድ ቀን ጠጪዎቹ «ጥርስ ያደነዝዛል እንጂ ጣዕም የለውም» ብለው አጉረመረሙ። የማሽኑ ቁጥር ልክ ነው እያልኩ ስሟገት፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሼ ሰይድ ገቡ። ብርጭቆውን በእጃቸው ጀርባ ነካ አደረጉና «ቅዝቃዜው በዝቷል። የአባትህ እንዲህ አልነበረም» አሉኝ።

«ቀምሰው ያውቃሉ እንዴ?» አልኳቸው ተናድጄ።

«ወላሂ፣ አንዲት ጠብታ አልቀመስኩም። አባትህ በርሜሉን እርጥብ ጆንያ ሲያለብስ እየዋለ እጁ ይደነዝዝበት ነበር። ‹ሰይድ፣ እስቲ አንተ ንካልኝ› ይለኛል።»

ቅዝቃዜውን ቀነስኩት፤ ማጉረምረሙም ቀረ። የኔ እጅ ደረቅ ነው፤ እንደ አባቴ አይደነዝዝም። ግን ዛሬም በርሜል በቀየርኩ ቁጥር «ጋሼ ሰይድ፣ እስቲ ይንኩልኝ» እላለሁ።