የሕሙማኑ ቤት መስኮቶች

በታይናን ከተማ የነሐሴ ዝናብ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚወርደው። አናጺው ሽማግሌ ሊም ቹን-ሆንግ ከቤተ መቅደሱ ጣሪያ ሥር ተጠልለው ሳለ፣ አንዲት ወጣት የተጠቀለለ ወረቀት አቅፋ እየሮጠች መጥታ አጠገባቸው ቆመች። ዐወቋት። ኮ ሱ-ሁዪ ትባላለች፤ ለካንሰር ሕሙማን ሊሠራ ለታሰበው ቤት ንድፍ ያወጣችው እሷ ናት። መስኮቶቹን እንዲሠሩላት ሁለት ጊዜ ሰው ልካባቸው፣ ሁለቴም እምቢ ብለዋታል።

«እንደምን ዋሉ አባባ። ምን አስቀይሜዎት ነው እምቢ ያሉኝ?»

«እኔን አይደለም፣ ሕሙማኑን ነው። ንድፍሽ ላይ አልጋው ሁሉ እግሩ ወደ በር ነው። እኛ ዘንድ እግሩን ወደ በር አድርጎ የሚተኛው ማን ነው?»

ሱ-ሁዪ ፊቷ ቀላ። «ሬሳ» አለች ቀስ ብላ። «ተኝተው አትክልቱን ይዩ ብዬ እንጂ አላሰብኩትም። ወደ ጎን አዞራቸዋለሁ።»

አምስት ዓመት ሙሉ የተማረ ሰው አያቱ የምታውቀውን እንዲህ ይስታል። ጥፋቷን ማመኗ ግን ያስመሰግናታል። ሽማግሌው በዚህ አላበቁም።

«መስኮቱስ? ግድግዳውን ወንፊት አደረግሽው። ንፋስ የታመመ ሰው አጥንት ውስጥ ነው የሚገባው። ጥርቅም አድርገሽ ዝጊና የአየር ማቀዝቀዣ ግጠሚበት።»

«ማቀዝቀዣውም እኮ ንፋስ ነው አባባ፤ ያውም የሚያጓራ። እኔ ጣሪያውን ወደ ውጭ አስረዝመዋለሁ፤ ፀሐይም ዝናብም ግድግዳው ጋ አይደርስም። አየሩ ከጥላው በኩል ቀስ ብሎ ይገባና ሙቀቱን ይዞ በላይ ይወጣል፤ ሰው ላይ አያርፍም። መድኃኒቱ በደም ሥሩ ጠብ ጠብ እያለ እስኪያልቅ ስድስት ሰዓት ሙሉ የሚቀመጥ ሰው ዛፍ ቢያይ፣ ቤተሰቡ አጠገቡ ሆኖ ሻይ ቢያፈላለት ምን ይጎዳዋል?»

«አንቺ ልጅ፣ ሚስቴን በዚሁ በሽታ አስታምሜ ቀብሬአለሁ። አታስተምሪኝ።»

ሱ-ሁዪ ደነገጠች። «አልሰማሁም አባባ፤ ያጽናዎት። መቼ ነው?»

«አምና ሐምሌ።»

«በሕመማቸው ጊዜ ምን ደስ ይላቸው ነበር?»

«የዓሣ ገንፎ እሠራላት ነበር። አፏ አልቀበል አለ።» ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ዝናቡ አዞሩ። «መስኮቱን ክፈትልኝ ትለኝ ነበር። በየቀኑ። ሲሻልሽ እላታለሁ።»

እንባቸው መጣ፤ አልደበቁትም። ክፉ ሰው አልነበሩም። ባለቤታቸውን ከንፋስ ልጠብቅ ብለው ከሰማይም ከጎረቤትም ለይተው አቆዩአቸው። እንዲህ የምናደርግ ብዙዎች ነን። ልጅቷም ደግ ናት፤ ረታሁ ብላ አልተናገረችም።

ዝናቡ ሲያባራ ሽማግሌው «ወረቀቱን ዘርጊው» አሏት። ጣታቸውን አንዱ መስኮት ላይ አሳረፉ። «መቀርቀሪያውን ለምን ሰቀልሽው?»

«ቆመው እንዲከፍቱት ብዬ።»

«ማን ቆሞ? ዝቅ አድርጊው። የተኛ ሰው እጁ ይድረስበት፤ ማንንም አይለምን።»

ዛሬ በዚያ ቤት በነሐሴ ቀትር ሙቀት እንኳ ማቀዝቀዣው አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ ይውላል። መድኃኒት የሚወስደው ሰው ቅጠል ያያል፣ ልጆቹ አጠገቡ ይቀመጣሉ፣ ሲሞቀው መስኮቱን ራሱ ይከፍታል። ሊም ቹን-ሆንግ በወር አንዴ የሠሯቸውን መስኮቶች ማጠፊያ ዘይት ሊቀቡ ይመጣሉ። ተከፍቶ ያገኙትን መስኮት አይዘጉም።