ብሮሚን ስንት ቁጥር ነው?

ሸሕዲ መናኸሪያ፣ የጎንደሩ ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ ቆሟል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሰሊጥ አምራቿ ወይዘሮ አገኘሽ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ጎረቤቷን ባየሽን ለጎንደር ብርድ ጋቢ ይዛ እንደሆነ እየጠየቀቻት ሳለ የልጇ የወንጌል የኬሚስትሪ አስተማሪ መጥቶ ጋቢና ገባ።

አገኘሽ አንጀቷ አርሮ ነው የሰነበተው። ይኸው አስተማሪ በፈተና የብሮሚን አቶሚክ ቁጥር ስንት ነው ብሎ ጠይቆ፣ ወንጌል ሠላሳ አምስት ብላ ብትጽፍ ኤክስ አደረገባት፤ በእሱ ቤት መልሱ ሰማንያ ነው። መጽሐፉን ገልጣ ብታሳየው፣ የተሳሳተው መጽሐፉ ነው አላት። በዚያች ማርክ አንደኛነቷን አጣች። ሐኪም እሆናለሁ ስትል የኖረች ልጅ አሁን ኬሚስትሪ ሲነሳ ፊቷን ታዞራለች።

አገኘሽ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ዓይኗን ግን ከባየሽ ላይ አልነቀለችም።

«ስሚማ ባየሽ፣ አንድ የተባረኩ ሰው አሉ... ስም ምን ያደርጋል? እንደሳቸው ያለ ደግ አላየሁም። የብሮሚን ቁጥሩ ፕሮቶኑ ብቻ ነው፣ ሠላሳ አምስት ትላለች ልጄ። እሳቸው ግን አንጀታቸው አልችል አለና ኒውትሮኑንም ደምረው ሰማንያ አደረሱለት። ማን ይቅር? የኛስ ካቦ የሰሊጥ አራሚዎቹን ቁጠር ሲሉት ወጥ ሠሪዋንና ውሃ አመላላሹን ጨምሮ አይደል የሚቆጥር? አይፈረድባቸውም...»

ቀጠለችና፣ ሰማንያ ቁጥር የሜርኩሪ እንደሆነ፣ ቁጥሩ ከተለወጠም ንጥረ ነገሩ ሌላ እንደሚሆን ከልጇ የሰማችውን ለባየሽ ተረከችላት። ታዲያ እኚህ ባለሙያ በአንዲት እስክሪብቶ ብሮሚኑን ሜርኩሪ ማድረጋቸው አይደንቅም ወይ?

«ትዕግሥታቸውስ! መጽሐፉ ተሳስቶባቸው እንኳ ምንም አላሉት... ልጄን ብቻ ቀጡ።»

ባየሽ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች። ጋቢና ያለው ሰውዬ መስኮቱን እስከ ታች አወረደ፤ መውረድ እንዳይወርድ ሒሳብ ከፍሏል። ረዳቱ በሩን ዘጋ፣ ሚኒባሱም ተንቀሳቀሰ። አገኘሽ እጆቿን ዘርግታ መረቀች።

«ብቻ ዕድሜ ይስጥልን። ወልደው ይሳሙ፣ ፀጉራቸው ይሸብት። የታመሙ ዕለት ደግሞ ባዕድ አይንካቸው... ሰማንያ ብለው ሙሉ ካገኙት ተማሪዎቻቸው አንዱ ሐኪም ሆኖ፣ መድኃኒታቸውን በገዛ እጁ ቆጥሮ ያጉርሳቸው።»