አውድማ ላይ የተሠራው አዳራሽ

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያና የምርምር ሕንፃ ስነድፍ፣ የምኮራው በንፋሱ ነበር። ማራገቢያ የሚባል ነገር የለም፤ መስኮት መክፈት ብቻ! ንፋሱን የለካሁት ክረምት ላይ ነው። መሬቱ ድሮ የእሳቸው የነበረው ዘበኛው አያ ይግዛው መሣሪያዬን አዩና፣ «ልጄ፣ ይኼ እኮ አውድማችን ነበር። ንፋስ የማይበረታበት ቦታ ላይ ማን እህል ያዘራል? ጥር ላይ መጥተህ ለካ» አሉኝ። ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ከዘበኛ ምክር ልቀበል ነው እንዴ? ሳቅሁና ዕቃዬን ሰብስቤ ሄድኩ።

ምረቃው ጥር ላይ ዋለላችሁ። ዲኑ ወፍራም ንግግራቸውን ይዘው ቆሙ፤ እኔም ጥበቤ እንዲታይ የአዳራሹን መስኮት ሁሉ አስከፈትኩ። ገና «ክቡራን እንግዶች» ከማለታቸው ንግግሩ ከእጃቸው ተነጥቆ፣ ገጽ በገጽ በክቡራኑ አናት ላይ አልፎ፣ በወዲያኛው መስኮት ወደ ማሳው ወጣ። በሩ ላይ የቆሙት አያ ይግዛው ጋቢያቸውን እያጣፉ፣ «አይዟችሁ፣ ንፋስ የሚወስደው ገለባውን ነው። ፍሬው ይቀራል» አሉ። ሁላችንም ፍሬውን ልንሰማ ወደ ዲኑ ዞርን። ዲኑ ባዶ እጃቸውን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «አመሰግናለሁ» ብለው ተቀመጡ።

ቀጣዩ ተናጋሪ እኔ ነበርኩ። አራት ገጽ ጽፌያለሁ። አያ ይግዛው ትክ ብለው ያዩኛል። ወረቀቴን ኪሴ ውስጥ እንደጨበጥኩ ተነሣሁና፣ «ዲኑ ሁሉንም ብለውታል» አልኩ።