አምስተኛው ተራ ቁጥር

መጋቢት አንድ ቀን ጠዋት፣ አሰላ፤ ጡረታ የወጡት የወረዳ ዕቅድ ባለሙያ አቶ ከፍያለው ደብተራቸውን ዘርግተው የቤታቸውን የግማሽ ዓመት ግምገማ ይመራሉ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት የገብስ ዱቄት ይነፋሉ።

ከፍያለው፦ ወንፊቱን አስቀምጪና ስሚኝ እንጂ! ግምገማ ላይ ነን።

የሺመቤት፦ የሚሠራው እጄ ነው፤ ጆሮዬ ያንተ ነው። ገምግም።

ከፍያለው፦ መስከረም አንድ ያቀድነውን መጋቢት አንድ ካልጠየቅን ዓመቱ በዋዛ ያልቃል። ደግሞስ ይሄ ሁሉ ዱቄት ለማን ነው? ሁለት ሰው ነን።

የሺመቤት፦ ዱቄቱ ዕቅድህ ላይ የለም። ቀጥል።

ከፍያለው፦ አንደኛ፣ የጣሪያውን ፍሳሽ ማስደፈን። አፈጻጸም፣ መቶ በመቶ።

የሺመቤት፦ ትናንት ሲዘንብ ጓዳ ውስጥ ባልዲ የደቀንኩት ለምን ነበር ታዲያ?

ከፍያለው፦ ባልዲው በሁለተኛው ግማሽ ዓመት ይታያል።

የሺመቤት፦ ወይ አባ መቶ በመቶ! ጡረታ ከወጣህ አራት ዓመትህ፣ ዛሬም ለበላይ አካል ሪፖርት ታደርጋለህ።

ከፍያለው፦ ሁለተኛ፣ ጓሮውን ጎመን ማልበስ። ተከናውኗል። ሦስተኛ፣ አባወራው ለደም ግፊቱ ሲባል ጨው ይቀንሳል። ዘጠና በመቶ።

የሺመቤት፦ ሰሞኑን ልቅሶ ቤት ጨው አምጡ ብለህ ያስቸገርከውስ?

ከፍያለው፦ አሥር በመቶዋ እሷ ናት።

የሺመቤት፦ ለአፍ ዳገት የለውም አሉ። አምስተኛውን አንብብልኝ።

ከፍያለው፦ አራተኛው መች ተነካ?

የሺመቤት፦ አምስተኛውን፣ ከፍያለው።

ከፍያለው፦ እሺ፣ እሺ። «አምስተኛ፣ ልጃችንን ትርሲትን ከአዳማ ሄዶ ማምጣት። አፈጻጸም፣ በሂደት ላይ።»

የሺመቤት፦ በሂደት ላይ። ሂደቱ የት ደረሰ? ኢተያ?

ከፍያለው፦ ይኸው ጀመረሽ።

የሺመቤት፦ ከአሰላ አዳማ ስድስት ወር ይፈጃል? በእግሩ የተነሣ ሰው በሦስተኛው ቀን ይገባል'ኮ!

ከፍያለው፦ እኔ መች ጠላኋት? አንድ ሹፌር ተከትላ የወጣችው እሷ ናት።

የሺመቤት፦ ሹፌሩ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላከ። ሦስቴም ከደጅ መለስካቸው። ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጡ ዝናብ እየወረደባቸው ነበር፤ ግቡና ተጠለሉ እንኳ አላልካቸውም።

ከፍያለው፦ ትምህርቷን እንድትጨርስ ብዬ ነዋ!

የሺመቤት፦ ጨርሳለች። እሱ ቤት ሆና፣ እሱ ማታ ማታ እያደረሳት።

ከፍያለው፦ ማን ነገረሽ?

የሺመቤት፦ የሚያውቅ ሰው።

ከፍያለው፦ ይሁና። ይቅርታ ብላ ትምጣ፤ ያባቷ ቤት መቼም አይዘጋባትም። ቁልፍ እንኳ አልቀማኋትም፤ ይዛው ነው የሄደችው። ስንት ጊዜ ልንገርሽ?

የሺመቤት፦ ብዙ ጊዜ ነግረኸኛል። እኔም ሞኟ አምኜ፣ የበሩ ብረት ሲንቀሳቀስ እሷ ናት እያልኩ ስነሣ ከረምኩ። እስቲ ደብተሩን አቀብለኝ።

ከፍያለው፦ ምን ያደርግልሻል? ሥዕል የለበትም።

የሺመቤት፦ ግድ የለም፣ አቀብለኝ።

ከፍያለው፦ እንኪ። ዱቄት እንዳታስነኪው።

የሺመቤት፦ አም… ስተኛ። የግ… የግቢ በር ቁ… ቁልፍ… መቀየር። አፈ… ጻጸም፣ መቶ በመቶ።

ከፍያለው፦ የሺ…

የሺመቤት፦ ቆይ፣ ቀን አለው። ጥቅምት አሥራ ሁለት። ይቺስ እውነት መቶ በመቶ ናት።

ከፍያለው፦ ማን አስተማረሽ?

የሺመቤት፦ ጎረቤታችን አስተማሪዋ እትዬ ዘርፌ። ረቡዕ ረቡዕ እድር አለብኝ ስልህ እሷ ጋ ፊደል ስቆጥር ነበር። መስከረም አንድ እኔም በልቤ አቅጄ ነበር፤ ለልጄ በእጄ ደብዳቤ ልጽፍላት። ያንተ ደብተር ላይ እንዳይገባ ፈርቼ ደበቅኩት። ደግ አደረግኩ።

ከፍያለው፦ ቁልፉ… የድሮው ዝጎ ነበር።

የሺመቤት፦ እንዲያ ነበር ያልከኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል! ስልኩንስ? «ደወልኩላት፣ አታነሣም» ስትለኝ የከረምከውን? ትናንት ስሟን ራሴ ፈልጌ፣ ራሴ ደወልኩ። ገና አንዴ ሲጠራ አነሣች። «እማዬ፣ ምነው ጠፋሽ?» አለችኝ። እኔ ነኝ የጠፋሁት! ይገባሃል?

ከፍያለው፦ ተናድጄ ነበር። ሰው ሁሉ «የከፍያለው ልጅ» ሲል… አስተካክለዋለሁ ስል ቀኑ ሄደ።

የሺመቤት፦ የገና ለታ ጠዋት መጥታ ነበር። ቁልፉን አስገብታ ብታዞር ብታዞር እንቢ አላት። «አባዬ መልሱን ሰጠኝ» ብላ ሄደች። ለምን እንደመጣች ታውቃለህ? የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትታረስ። የሰው ሁሉ ልጅ እንደምትታረሰው! አሁን ወሯ ገብቷል፤ ዛሬ ትውለድ ነገ አይታወቅም።

ከፍያለው፦ …አይቻታለሁ።

የሺመቤት፦ ምን አልክ?

ከፍያለው፦ አንቺ ጎረቤት እንኳን አደረሳችሁ ልትዪ ሄደሽ ነበር። በመስኮት አየኋት። ሆዷንም አየሁ። ታንኳኳለች ብዬ ጠበቅኩ። አንዴ ብታንኳኳ እከፍት ነበር፣ እውነቴን ነው። አላንኳኳችም።

የሺመቤት፦ ቁልፍ የያዘ ልጅ ያባቱን በር ያንኳኳል?

ከፍያለው፦ እግሬ እንቢ አለኝ፣ የሺ።

የሺመቤት፦ እኔ ደግሞ የዚያን ለታ ዶሮውን አውጥቼ ለሦስት ሰው ሳቀርብ «ማን ይመጣል ብለሽ ነው?» አልከኝ። እያወቅክ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ፤ አንተ ስምህን ልታድን ልጅህን ጣልክ። እኔንም ጨምረህ።

ከፍያለው፦ እንግዲህ… በሁለተኛው ግማሽ ዓመት ዕቅድ ውስጥ ቅድሚያ ሰጥተን…

የሺመቤት፦ እንካ ደብተርህን፣ ገጹን ግለጥ። ትናንት ማታ ስትተኛ ስድስተኛ ብዬ ጽፌበታለሁ። አንብብ።

ከፍያለው፦ «ስድስተኛ። ትርሲት እናቷ ቤት ትታረሳለች።» …እናቷ ቤት ብቻ? አባቷስ?

የሺመቤት፦ ቁልፏን እንቢ ያላትን ቤት የማን ነው ብዬ ልጻፍ? የአዳማው መኪና በአራት ሰዓት ይነሣል። የገንፎ ዱቄቴን ይዤ እሄዳለሁ፤ ትምጣ ካልክ ይዣት እመለሳለሁ፣ ካላልክ እዚያው አርሳታለሁ። አፈጻጸሙን ባዶ ትቼልሃለሁ። ምን ልሙላበት፣ መቶ በመቶ?

ከፍያለው፦ ዜሮ። ዜሮ ብለሽ ጻፊ፣ የሺ… አዲሱን ቁልፍ እኔው ራሴ ነኝ የማስረክባት፤ ጫማዬን አቀብዪኝ።