በሆዱ የሄደው ባቡር

«ዘንድሮ የኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝሽ እንዴት ነው ልኬ? ዝንጀሮው አስቸገረሽ ወይስ ተወሽ? እኛንማ ሙቀቱ ጨረሰን... ዓባያ ሐይቅም ነፋሱን ሰሰተብን መሰለኝ። በይ ማንጎ ቅመሺ። አንተም ብላ እንጂ ልጄ፣ ምን አንገትህን ደፍተህ ስልክ ታያለህ?»

ወይዘሮ መነን ይህን ሲሉ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር። ጎረቤታቸው ልክነሽ በረንዳው ላይ አጠገባቸው ተቀምጣለች፤ ከአግዳሚው ጫፍ ደግሞ ለሰላምታ ብቅ ያለ አንድ ወጣት አለ። በሚመጣው እሁድ ልጃቸውን ማዕዶትን ለመጠየቅ ሽማግሌ እንደሚልክ አስቀድሞ አስወርቷል። ወይዘሮ መነን ሰሞኑን ሲያብላሉት የከረሙትን ነገር ዛሬ ሊያወጡት ነው፤ ገና ከወዲሁ ሳቁ ጉሮሯቸውን ይኮረኩራቸዋል።

«ስለ አንድ ባለሙያ ሰው ላጫውትሽ? ስሙ ይቆይ... ስም ምን ያደርጋል፣ ሥራው ከስሙ ቀድሞ ይሄድ የለ?

መቼም የኔን ሽማግሌ፣ የባሌን የጥዑሜን ባቡር ታውቂያለሽ። አባቱ ድሬዳዋ ባቡር ነጂ ነበሩ። ወንድሙ የሳቸውን ባቡር የመሰለች፣ ክንድ የማትሞላ፣ በየብልቷ ተለያይታ መጥታ ቤት ውስጥ የምትገጣጠም ትንሽ ባቡር ላከለት። ገላዋ ሁሉ ነጭ ብረት ነው፤ ቆርቆሮ ከምናምን የተቀላቀለ፣ ቶሎ የሚቀልጥ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሌላ ሥራ የለውም፤ ሲሞርድ፣ ሲያሻሽ፣ ሲያጣብቅ... ‹መኒ፣ አባቴ ክርኑን የሚያስደግፈው እዚህች መስኮት ላይ ነበር› ይለኛል። አፍንጫዋ ብቻ ቀረች፣ መብራቷ ያለባት። እሷ በብየዳ ነው የምትያዘው፤ ጥዑሜ ደግሞ እስኪያጠናው ድረስ ፈርቶ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጧታል።

ያ ሰው መጣልሻ! ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል... ዛሬ እንዲህ ያለ ታዛዥ ልጅ ከየት ይገኛል? ‹ጋሼ ይተዉት፣ ይሄማ ለኔ ጨዋታ ነው› አለ። ትሕትናውን አየሽልኝ? ማዕዶትም በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር፤ እሱ ግን መቼ ልብ ብሏት... ደረቱንም የነፋው እንዲያው ለአየሩ ነው። የጄኔሬተር ሽቦ የሚበየድበትን፣ ይሄን የሚያህል መበየጃ አግሎ ይዞ ቀረበ። ጥዑሜ ‹ልጄ፣ ይሄ ብረት ኃይለኛ ሙቀት አይችልም፤ በቀላሉ የሚቀልጥ የራሱ ማጣበቂያ ሊድ አለው፣ መበየጃውም ለስለስ ማለት አለበት› ቢለው፣ ‹ብረት ብረት ነው ጋሼ› አለው። ፍልስፍና እኮ ነው! እኛ ይሄን ሁሉ ዘመን ሳናውቀው ኖርን።

ነካት። አንድ ጊዜ ብቻ! እጁ ፈጣን ነው፣ ይሄንንማ ማን ይክደዋል? አፍንጫዋ ፈሰሰች። መብራቷ ተከተለቻት። ሙቺ ስልሽ፣ እንደ ቅቤ ጠረጴዛው ላይ ተንጣለለች! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ ስሰማ ነው የኖርኩት... ቸኩሎ ባቡር በሆዱ ሲሄድ ግን ያን ቀን አየሁ!»

ወይዘሮ መነን ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ፤ የሳቅ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ወጣቱ ስልኩን ገለበጠው፣ መልሶ አቃናው።

«ቅኔ ነው እንጂ ይሄ ብየዳ ነው? ሰሙ ቀለጠ... ወርቁን እስካሁን እየፈለግን ነው። ሙያ በልብ ነው ይላሉ፤ የሱማ ከልብም አልፎ ጠልቋል መሰለኝ፣ ወደ እጁ የሚወጣበት መንገድ አጣ።

ይሁን፣ ብረት ነው ይቀልጣል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ስሚኝማ። ሲቀላ ሰፈር ጭማቂ ቤት ተቀምጦ ምን አለ መሰለሽ? ‹ሽማግሌው እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ገፉኝ፣ እኔማ ልሠራላቸው ነበር።› ርኅራኄ ይሉሻል ይሄ ነው! ራሱን ረስቶ ስለ ሰው ጤና ይጨነቃል... ወሬው ቤታችን ሲደርስ ጥዑሜ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሰነበተ። ሻይ ስሰጠው እንኳ ‹እዚያ አስቀምጪልኝ› ይለኝ ነበር።»

እዚህ ላይ ሳቁን ተዉት። ባላቸው ብርጭቆውን ሰው እንዳያየው ዞር ብሎ ሲያነሣ ያዩት ታወሳቸው። ወዲያው ግን ሳቃቸው ከየት መጣ ሳይባል ተመለሰ።

«ማዕዶቴን ታውቂያታለሽ፤ አባቷን የነካባትን አትምርም። ሙቀቱ ከፍ ዝቅ የሚል መበየጃ ከነሊዱ ከአዲስ አበባ አስመጣች። አባትና ልጅ የፈሰሰውን ብረት ለቀሙ። ጥዑሜ አፍንጫዋን በእንጨት ቀረጸ፣ በሸክላ ጭቃ ላይ አተመ፣ ጭቃው ድርቅ እስኪል ጠበቁና ብረቱን አቅልጠው አፈሰሱበት። የመጀመሪያዋ ጎበጠች፤ ሁለተኛዋ አማረች። ማዕዶት ሙቀቱን ትራፊ ብረት ላይ ሞክራ ‹አባዬ፣ አንተ በይዳት› አለችው። እምቢ አለ። ‹እኔ ብረቷን እይዝልሃለሁ› አለችው። ልኬ... ያ እጅ ንቅንቅ አላለም! ሊዱ እንደ ውኃ ስንጥቋ ውስጥ ገባ፣ ብረቷ ላይ ጭረት አልወጣም። እልልታዬን ሳቀልጠው ሰፈሩ ልጅ የተወለደ መስሎት ገንፎ ሊበላ ግር ብሎ መጣ!

ታዲያ ያን ሰው በምን አፌ ልውቀሰው? እሱ ባያቀልጣት አባትና ልጅ መቼ እንዲህ አንድ ላይ ይሠሩ ነበር? ባለውለታችን እኮ ነው... ምነው ልጄ፣ ተነሣህ እንዴ? ማንጎውን ሳትጨርስ? ቆይ፣ ምርቃቴን ሰምተህ ሂድ፤ ምርቃት ለሁሉም ይተርፋል።»

ወይዘሮ መነን መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ወጣቱ ግማሽ ቆሞ ግማሽ ተቀምጦ ቀረ።

«ፈጣሪ ለዚያ ሰው ዕድሜ ከጤና ይስጠው። የላከው ሽማግሌ አይፈርበት። መልኳ ያማረ፣ ጠባይዋ ማር የሆነ፣ ባለሙያ ልጅ ይዘዝለት... ብቻ አደራህን አምላኬ፣ አገሯ ከምዕራብ ዓባያ ከተማም ወዲያ፣ ራቅ ያለ ይሁን፤ እኛ ቅርብ ሆነን ዓይናችን እንዳይበላቸው። ድግሱን እኔው ቆሜ እረዳለሁ፤ ማዕዶቴም ለሙሽሪት ሚዜ ትሁንላት። አሜን በይ እንጂ ልኬ!»