ሙሀባው ሞተ የተባለውን ወሬ ስላጣራሁበት መንገድ

የምስክር ስም፦ ዓለምነው በዛብህ
ዕድሜ፦ 49
ሥራ፦ የአሳንሰር ጥገና ሠራተኛ፤ በትርፍ ጊዜው "ጎረቤት" በተባለው የአማርኛ ድረ ገጽ ወሬ አጣሪ
አድራሻ፦ ሪያድ፣ ፉጣ ሰፈር
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ዓርብ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20
ቃሉን የተቀበሉት፦ የጣቢያው ተረኛ መርማሪ
ያስተረጎመውና በአማርኛ የጻፈው፦ ሃምዛ ኑሩ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ የጎረቤት ድረ ገጽ አዘጋጅ ወይዘሪት ምሕረት "ሾፌሩ አቶ ሙሀባው ሞቷል" የሚል ሐሰተኛ ወሬ አሰራጭታለች በሚል ተጠርጥራ ስለተጠራችበት ጉዳይ፣ እንዲሁም ዛሬ ንጋት በዑረይጃ ሰፈር ስለተነሳው ጩኸት የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ጎረቤት በሪያድ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ኢቃማ፣ ማለትም ስለ መኖሪያ ፈቃድ እድሳት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ሠርግና ስለ ሐዘን የሚጽፍ ድረ ገጽ ነው። ምሕረት በሙያዋ ነርስ ስትሆን ገጹን የምታዘጋጀው ከሥራ በኋላ ነው። እኔ አብሬያት መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ድርሻዬ ወሬ ሲመጣ እየደወልኩ ማጣራት ነው። ለዚህም ሰማያዊ ደብተር አለኝ፤ ገጹ ለሁለት ተከፍሎ በአንድ በኩል "ያየ"፣ በሌላው በኩል "የሰማ" ይላል። የደወልኩለት ሰው ሁሉ ከሁለቱ በአንዱ ስር ይጻፋል። "ያየ" የሚለው ባዶ ከሆነ ምሕረት አንዲት መስመር አታወጣም። የሞት ወሬ ከሆነ ደግሞ ከቅርብ ቤተሰብ ሳይጠየቅ አይወጣም። ይህን ደንብ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስም በደንቡ እኮራ ነበር።

ሐሙስ ጥር 14 ቀን ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ፣ ፉጣ ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት ያላት ወይዘሪት ምኞት ደወለችልኝ። ሱለይማኒያ ሰፈር ደንበኛ ዘንድ ስትሄድ የተጨፈለቀች ነጭ መኪና በመጎተቻ ስትጫን ማየቷን፣ መኪናዋም ሙሀባው የሚነዳትን እንደምትመስል፣ ስልኩም ከማክሰኞ ጀምሮ ዝግ መሆኑን ነገረችኝ። ሙሀባው እዚያው ሱለይማኒያ የአንድ ቤተሰብ ሾፌር ነው። እዚህ አገር የመጣሁ ሰሞን ማደሪያ አጥቼ ፍራሹን ያካፈለኝ እሱ ነው። "እሱን ራሱን አይተሽዋል?" ብዬ ጠየቅኋት። "እሱንስ አላየሁትም ጋሼ፣ መሰለኝ ነው የምልህ" አለችኝ። መኪና እንጂ ሰው ስላላየች "የሰማ" ስር ጻፍኳት። እስከዚህ ድረስ ሥራዬን በትክክል ሠርቻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን መርማሪው በትዕግሥት እንዲሰሙኝ እለምናለሁ።

ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ለአሥራ አራት ሰዎች ደወልኩ። መጀመሪያ የደወልኩት ሚኒባስ ለሚነዳው ለአቶ አብዱ ነው። ለሁሉም ያልኩት ቃል በቃል "ሙሀባው ሞቷል የሚል ወሬ አለ፣ ያየኸው ነገር አለ ወይ?" የሚል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዎች ምንም አልሰሙም። ከሰባተኛው ጀምሮ ግን ሁሉም ሰምተዋል። አሥራ ሦስተኛው፣ ቀለም ቀቢው አቶ ክንፈ፣ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ ገና ስልኩን ሲያነሳ "አላህ ይርሀመው፣ ወንድሜ" አለኝ። ይህ ሁሉ ሰው የሚያውቀው ነገርማ እውነት ነው ብዬ አመንኩ። የምጠግነው አሳንሰር ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አሳንሰሩም እስከ ማታ ሳይጠገን ቀረ።

ሳልጠይቃት የቀረችው የቅርብ ቤተሰብ ባለቤቱ ወይዘሮ በላይነሽ ነበረች። ዑረይጃ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ፤ እሷ እዚያው ሰፈር በቀን ሥራ ትሠራለች፣ እሱ ደግሞ ሳምንቱን በአሠሪው ግቢ ሰንብቶ ሐሙስ ማታ ይመጣል። በራሴ ደንብ መሠረት በመጀመሪያ መጠየቅ ያለባት እሷ ነበረች። ነገር ግን በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ንጋት ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ትልቅ ሰው ፊት ቀድሞ ነው የሚነገረው፤ እስከዚያ ወሬው ጆሮዋ እንዳይገባ ሁሉም ይጠነቀቃል። ይህን ሳስረዳ መርማሪው "ከተማው ሁሉ ሲያውቅ ሚስቱ ብቻ አታውቅም ማለት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። አዎን፣ ወጉ እንደዚያ ነው አልኩ።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በላይነሽ ራሷ ደወለችልኝ። ድምፄ ያሳብቅብኛል ብዬ አላነሳሁም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግማ ደወለች። ስልኩን ትራስ ስር ከተትኩት።

በዚያው ምሽት ሌሎች ገጾች "ጎረቤት እንዳረጋገጠው" እያሉ የሙሀባውን ሞት አወጡ። እኔም ለምሕረት ደውዬ "እውነት ነው፣ አውጪው" አልኳት። እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ጠይቃ በስሙ የገባ ሰው አላገኘችም ነበር። "ጋሼ ዓለምነው፣ 'ያየ' የሚለው ስር ስንት ሰው አለ?" አለችኝ። ማንም የለም አልኳት። "እንግዲያውስ ኸላስ፣ አይወጣም። ያንተን እንባ ምንጭ ብዬ አልጽፍም" አለችኝ። ተናደድኩባት፤ ይህች ልጅ ልቧ ድንጋይ ነው አልኩ። ይህን የማስመዘግበው እሷ አሁን ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ኢቃማዋም እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ነው። ጥፋተኛ ከተባለች የነርስነት ሥራዋንም የመኖሪያ ፈቃዷንም ታጣለች። እኔ አውጪው ስላት ያላወጣች እሷ ናት።

ዛሬ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ሃያ አንድ ሆነን ከበላይነሽ ደጃፍ ደረስን። እኔ የሄድኩት ለሐዘኑም ለደብተሬም ነው። በሙሾ የታወቀችው ወይዘሮ ተዋበች በሩ ሲከፈት እንድትጀምር ተስማምተን ነበር፤ አብዱ አንኳኳ፣ እሷ ግን የቁልፍ ድምፅ እንደሰማች ጀመረች። ሌሎቹም ተከተሏት። በሩን የከፈተው ሙሀባው ነው። ካናቴራ ለብሶ የጥርስ ብሩሽ አፉ ውስጥ እንዳለ ሁላችንንም አየና "ወይኔ! ማን ሞቶ ነው?" ብሎ ከእኛ ጋር ማልቀስ ጀመረ። "ቆዩኝ፣ ልብሴን ልልበስና አብረን እንሂድ" አለ። ተዋበች ግን አንዴ የጀመረችው አልቆም ብሏት፣ እያየችው "ሙሀባውዬ፣ ሙሀባውዬ" ስትል "እኔ ነኝ እንዴ?" አለ። ያን ጊዜ እኔ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፤ የጥርስ ሳሙናው እስከ አሁን ኮቴ ላይ አለ፣ መርማሪውም አይተውታል።

ጎረቤቶች በጩኸቱ ደንግጠው ፖሊስ ጠርተው ነበር። ፖሊሶቹ ደርሰው "ሟቹ የት ነው?" ሲሉ ሙሀባው እጁን አወጣ።

እንደ ነገረን ከሆነ ከማክሰኞ ጀምሮ ከአሠሪው ቤተሰብ ጋር በረሃ ሰፍሮ ነበር። ስልኩን የአሠሪው ትንሽ ሴት ልጅ የሻይ ጀበና ውስጥ ከታዋለች። ቤቱ የገባው ሐሙስ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። በላይነሽም ወደ እኔ ዞራ "ማታ የደወልኩልህ ስልክ ጠጋኝ እንድትጠቁመኝ ነበር። አንተ ብቻ አይደለህ፣ የደወልኩለት ሁሉ አላነሳም። ምን በድያቸው ነው ስል አደርኩ" አለችኝ። እውነቱን የምታውቀው አንዲት ሰው ሁለት ጊዜ ደውላልኝ ትራስ ስር የከተትኳት እኔ፣ ወሬ አጣሪው ነኝ።

እዚህ ጣቢያ ስንደርስ መርማሪው ደብተሬን አገላብጠው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ "እነዚህ ሁሉ የሰሙት ከማን ነው?" ይህን አንዳቸውንም አልጠየቅኩም። ጠይቃቸው ብለው ሲያዙኝ ለክንፈ በድምፅ ማጉያ ደወልኩ። ከተዋበች ነው የሰማሁት አለ። ተዋበች እዚሁ ተቀምጣ ነበርና ከአብዱ ነው አለች። አብዱም "ከማን ይሆናል፣ ከዓለምነው ነዋ! ጎረቤት ራሱ ደውሎ ከጠየቀኝማ ሰውየው ሞቷል አልኩ" አለ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ምኞት ያለችው "መሰለኝ" ብቻ ነበር። "ሞቷል" የሚለውን ቃል ለአሥራ አራት ሰው ያደልኩት፣ መልሶ ሲመጣልኝም ማስረጃ ብዬ ያለቀስኩበት እኔ ነኝ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል፤ እኔ መላውን ትቼ ወሬ ጨመርኩበት። (መርማሪው ሲስቁ አስተርጓሚውም መጻፍ ስላልቻለ ቃሉ ለአምስት ደቂቃ ተቋርጧል።)

ስለዚህ ጥፋት ካለ በእኔ ስም እንዲጻፍ አመልክቻለሁ። መርማሪውም የጎረቤትን ገጽ ከፍተው የሙሀባው ሞት አለመውጣቱን አረጋግጠው፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ10 ላይ ምሕረትን አስገብተው ኢቃማዋን መልሰውላታል። እሷም ደብተሩን ተቀብላ ሦስተኛ ዓምድ አሰመረች፤ ከላዩ "ከማን" ብላ ጻፈችና መለሰችልኝ። ልበ ድንጋይ ያልኳትን እዚሁ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ "ያላ፣ ፈርምና እንሂድ፣ ሰውየው ቁርስ አልበላም" አለችኝ።

ከዚህ በላይ ያለው በቋንቋዬ ተነብቦልኝ እኔ ያልኩት መሆኑን አረጋግጫለሁ። ያየሁትን እንዳየሁት፣ የሰማሁትን እንደሰማሁት ለይቼ ተናግሬያለሁ። በዕድሜዬ እንዲህ ተሳስቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ እንደማያውቅ ጭምር እንዲመዘገብልኝ ጠይቄ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ዓለምነው በዛብህ (ፈርሟል)
የአስተርጓሚ ፊርማ፦ ሃምዛ ኑሩ (ፈርሟል)
የመርማሪ ፊርማ፦ (ፈርመዋል)

በምስክሩ ጥያቄ ከሰማያዊው ደብተር "ያየ" ከሚለው ስር የተገለበጠ፣ እስከ አሁን ያለው አንድ መስመር ብቻ፦
"በሕይወት መኖሬን ዛሬ ጠዋት ራሴ አይቻለሁ። ሙሀባው ሰይድ።" (ፈርሟል)